መቶ ብር ለሁለት

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ዋሻው ውስጥ ገብተን ስንወጣ የዶልፊኑ መስተዋት ላብ አወጣ፤ ረዳቱም መልስ ማደል የጀመረው ያኔ ነው። ከላምበረት ስንነሳ ሂሳብ ሰብስቦ «መልስ አለ፣ ዝርዝር ሳገኝ» ብሎን ነበር። ደብረ ብርሃን ደርሰን አለፍን፤ ዝርዝር አልተገኘም። አሁን ጠርዙ የተበላ አንድ ድፍን መቶ ብር ይዞ ወደ ኋላ ወንበር መጣና፣ «የአንተ 60፣ የማዘር 40፤ ተካፈሉ» ብሎ ብሩን በእኔና አጠገቤ በተቀመጡት አሮጊት መሃል ለቀቀው።

ይህን ዓይነት ጋብቻ ያልቀመሰ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ስም እንኳ ያልተጠያየቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ድፍን ብር ይታሰራሉ፤ ብሩ እስኪዘረዘር አንዱ ወርዶ አንዱ አይቀርም። ይዤባቸው ልሮጥ እችል ነበር፤ እሳቸውም እንደዚያው። ብሩን ዘርግቼ ላቀብላቸው ስል እጄን መለስ አድርገው፣ «አንተ ያዘው ልጄ። አብሽር፣ እኔም ሮቢት ነው የምወርደው» አሉኝ። ያቺ «አብሽር» ናት ከየት እንደሆኑ የነገረችኝ።

ወደ ቀወት፣ ማለትም ወደ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ የወረድኩት ስለ ገንዘብ ምንዛሪ ያነበብኩትን ከአገሩ ጋር ላስተያይ ብዬ ነው። አንድ ሰው ገንዘብ በገንዘብ እየለወጠ እንጀራ የሚበላበት ሙያ ስንል ዓይናችን ወደ አዲስ አበባ ባንኮች ይሄዳል። እኔ ግን ሙያው እዚህ ቁልቁለት ላይ ሳይጎለምስ አልቀረም ባይ ነኝ። ምክንያቱን ለማየት መስኮቱን መክፈት ይበቃል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ከላይ ገብስና ካባ፣ ከታች ማሽላ፣ ማንጎና ሽርጥ። አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አፋፍ ነው። ከላይ ውድ የሆነው ከታች ርካሽ፣ ከታች የረከሰው ከላይ ብርቅ ነው። ገንዘብም ራሱ እንደዚያው ነበር፤ በዚህ መንገድ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ዋጋው ይለወጥ ነበር።

ደብረ ሲና ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅሁ። ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት፤ ጋብቻችንን ለማፍረስ ጥሩ ዕድል መሰለኝና መቶዋን አወጣሁ። ልጅቷ አየችኝ፣ ብሩንም አየችው፤ «ዝርዝር የለኝም፣ በቴሌብር አስገባልኝ» አለችኝ። አሮጊቷ ሳቁ። ቆሎው በስልክ ተከፈለ፤ መቶዋ ወደ ኪሴ ተመለሰች።

ከደብረ ሲና በታች ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ሐሳቤ ወደ ካይሮ ሄደ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በማምሉኮች ቤተ መንግሥት የሠራ አል-ዑመሪ የሚባል ጸሐፊ ነበር። አገራችንን አልረገጠም። ከዘይላው ሸህ አብደላህና ካይሮ ከደረሱ ሌሎች ሰዎች የሰማውን ነው የጻፈው፤ የሩቅ አገር ጉድ ሰብሳቢ ነበር ማለት ይቻላል። ከጻፈው ሁሉ የምወዳት ስለ ገንዘብ የተናገረባት ቦታ ናት። የሐድያ ሰዎች የሚገበያዩት «ሐኩና» በሚባል፣ በመርፌ ቁመት በተሠራ የብረት ስንጥር ነው ይላል። ይፋት ግን፣ ይህ የምንወርድበት አገር፣ የሚገበያየው ነጋዴዎች ከግብጽ በሚያመጡት ዲናርና ዲርሃም ነው። እንግዲህ የብረት ስንጥሩን በእስር በእስር አስሮ ይፋት የደረሰውን ሰው አስቡት። ያን ብረት ከካይሮ ወርቅ ጋር አመዛዝኖ «ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው በመካከል መቆም ነበረበት። አል-ዑመሪ ስለዚያ ሰው አንድ ቃል አልተነፈሰም። የገንዘብ ለዋጭ ዕጣ እንዲህ ነው፤ ንጉሡ በሳንቲሙ ላይ ይታያል፣ ለዋጩ የትም አይታይም።

የይፋት ሱልጣኖች የወላስማዎች ከተሞች ፍርስራሽ እነዚህ ዳገቶች ላይ ነው ያለው። አስባሪ፣ መሳል፣ ኖራ የሚባሉት ቦታዎች፣ የድንጋይ መስጊዶቹና መቃብሮቹ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ካጠኗቸው ወዲህ በሰፊው ታወቁ። ሹፌራችን ግን ለፍርስራሽ አይቆምም። ለበግ ብቻ ነው የቆመው፣ እሱም መንገድ ላይ ተኝቶ ስለነበር።

«ምን ትጽፋለህ?» አሉኝ አሮጊቷ ደብተሬን እያዩ።

«ስለ ድሮ ገንዘብ ነው እማማ። ስለ አሞሌ፣ ስለ ጠገራ።»

«አሞሌስ እኔም አልደረስኩበትም። እናቴ ግን ትነግረን ነበር» አሉና ወሬው ተከፈተ። እናታቸው የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ።

አልዩ አምባ ከአንኮበር ሥር ያለች የንግድ አምባ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ማረፊያው እሷ ነበረች። ገበያዋ ዓርብ ይቆማል። በ1833 ዓ.ም. ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ብዙ ጭነት አስከትሎ ከታጁራ በአፋር በረሃ በኩል ሲመጣ፣ ገበያው ላይ ያየው ገንዘብ ጨው ነበር። አንድ የማርያ ትሬዛ ብር፣ ጠገራው፣ ወደ 20 አሞሌ ይመነዘር ነበር። ጆንስተን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪምም ተከትሎ መጥቶ እዚያው አልዩ አምባ ኖሯል፤ የቤቱን ወጪ የሚያሰላው በአሞሌ ነው።

አሞሌ የሞረድ ድንጋይ ይመስላል፤ ወገቡ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ ነው። ከአፋር ዝቅታ ተጠርቦ ነው የሚወጣው። እንዳይሸረፍ በልጥ ወይም በዘንባባ ይታሰራል፤ የተሸረፈ አሞሌ እንደ ሙሉው አይቆጠርምና። ዛሬ «ሽራፊ ሳንቲም» ስንል የብረት ሳንቲም መች ይሸረፋል? ቃሉ ስለ ጨው የተባለ ይመስለኛል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። ክረምት ሲገባ ጨው ይረጥባል፣ ያለቅሳል፤ ስለዚህ ምድጃ አጠገብ፣ ጭስ የሚደርስበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። ሀብትህ ዝናብ ሲመጣ የሚቀልጥበትን ዘመን አስብ። «እናቴ» አሉኝ አሮጊቷ፣ «አያቴ አሞሌውን ስትቀበል በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርገው ነበር ትለን ነበር። ያልጣማትን ትመልሳለች።»

መንዛሪው የሚያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨው ከምንጩ ሲርቅ ይወደዳል። ከአፋር አፍ ላይ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በዘለቀ ቁጥር በአንድ ብር የሚገኘው እያነሰ ይሄዳል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህንኑ አይቶ ተገርሞ ጽፏል። ስለዚህ በይፋት ገንዘብ ለዋጭ የሚባለው ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ በግመልና በአህያ የሚሄድ ነጋዴ ነበር። ትርፉን የሚያገኘው ከርቀት ነው። ጨውን ይዞ አንድ ዳገት ከወጣ ምንዛሪው ራሱ ተለውጦ ይጠብቀዋል። በፈረንጅ አገር ግን ሙያው ከጠረጴዛ ጋር ተጣበቀ፤ «ባንክ» የሚለው ቃል እንኳ የመጣው የጣሊያን ለዋጮች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ነው። የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ለዋጮችም ገበታ ነበራቸው፤ በወንጌል የተገለበጠው እሱ ነው። የእኛው ግን ምን ይገለበጣል? ጀርባ ላይ ነው።

ክብደቱስ? አንድ አሞሌ ከግማሽ ኪሎ በላይ ነው። መቶ ብር የያዘ ሰው ብሩን በአሞሌ ቢያስመነዝር 2,000 አሞሌ፣ ማለትም ከአንድ ቶን በላይ ጨው ይሆንበታል። አምስት ግመል ዝርዝር! ኪሴ ውስጥ ያለችውን መቶ ዳሰስኩና ለረዳቱ ትንሽ አዘንኩለት።

የሐረር ነጋዴዎች ደግሞ አልዩ አምባ ላይ የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ሐረር ውስጥ አሚሮቹ የሚመቱት ማህለቅ የሚባል ትንሽ ሳንቲም አለ፤ ከከተማው ውጭ ግን አሞሌና ብር ነው የሚያስኬደው። ስለዚህ አንድ የሐረር ነጋዴ በራሱ ላይ ሦስት ገንዘብ ተሸክሞ ይዞራል፤ ማህለቁን፣ ጠገራውን፣ አሞሌውን። ወረቀት የለ፣ ማሽን የለ። አንዱ ገበያ ላይ የሰማውን ዋጋ ለሌላው ገበያ በቃሉ ያደርሳል። በዚያው አካባቢ በአብዱል ረሱል ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የሰውም ዋጋ የሚነገረው በዚሁ ጠገራ ነው። ስለ ምንዛሪ ጣፋጭ ጣፋጩን ብቻ ጽፌ ባልፍ ደብተሬ ይታዘበኛል።

ወደ አርማንያ ስንቃረብ አሮጊቷ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው በአንገታቸው ካለው ማተብ መሰል ጥቁር ክር ጫፍ አንድ ጠገራ አወጡ። ጆሮ ተበጅቶለት ጌጥ ሆኗል። በይፋትና በወሎ ሴቶች አንገት ላይ ይህን ማየት ብርቅ አይደለም፤ ባቲ ገበያ ላይ በድሪ በድሪ ተሰክቶ ታያለህ። በእጄ ግን ይዤው አላውቅም ነበር። ከላብ የተነሳ ሞቆ ነበር። ከባድ ነው፤ 28 ግራም። በአንዱ ፊት ወፍራም ሴት፣ ጸጉሯ በሻሽ ተሸፍኗል፤ በሌላው ፊት ባለ ሁለት ራስ ንስር። ከሴትዮዋ ትከሻ ሥር ሁለት ትንንሽ የፈረንጅ ፊደላት አሉ፤ ኤስ እና ኤፍ። እነዚህ የሁለት የገንዘብ መምቻ ቤት ሹሞች ስም መነሻ ናቸው። ልብሷ ላይ ያለው የጌጥ ቁልፍ በ9 ዕንቁዎች ተከቧል። የድሮ ለዋጭ የሚመረምረው እነዚህን ነው። ዕንቁዎቹ ካልተለዩ፣ ፊደሎቹ ካልታዩ ብሩን አይቀበልም፤ ብሩ በሚዛን ሙሉ ቢሆንም ዋጋ ይቀንስብሃል፣ ወይም በጭራሽ አልፈልግም ይልሃል።

«እናቴ አፍንጫዋን ነው የምታየው» አሉ አሮጊቷ። «አፍንጫዋ የተበላ ብር አትቀበልም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ትጥለውና ታዳምጠዋለች። ጥሩ ብር ያቃጭላል፤ መጥፎው ዝም ይላል።»

ሴትዮዋ ማርያ ትሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ናት። በፈረንጆች 1780 ሞተች፤ ሳንቲሙ ግን ከዚያ በኋላ በተመታ ቁጥር ያንኑ 1780 ይዞ ነው የሚወጣው። ቪየና መታችው፣ በኋላም ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ። የሞተች ሴት በስንት አገር እንደምትወልድ አስቡ። በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ጣሊያን ራሱ ሕዝቡ ሊራውን አልቀበልም እንዳይለው ብሎ የመምቻውን ቅርጽ አስቀድሞ ከኦስትሪያ አስፈቅዶ ወስዶ ነበር።

አጼ ምኒልክ የራሳቸውን ብር በ1885 ዓ.ም. በአዋጅ አስነገሩ፤ ሳንቲሙ ፓሪስ ተመትቶ መጣ። ክብደቱ ከማርያ ትሬዛ ጋር እንዲተካከል ሆኖ ነው የተሠራው፤ አንበሳውም ባለ ግርማ ነው። ገበሬው ግን የሚያውቃት ወፍራሟን ሴት ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ አክብሮ አስቀመጠና በሴትዮዋ ተገበያየ። ለሽራፊ ደግሞ አሞሌው ሲያንስ የጠመንጃ ጥይት ገንዘብ የሆነበት ጊዜ ነበር። የውጅግራ ጥይት ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ዶሮ ይገዛበታል፣ ወይም ቤቱ ይዞት ይመለሳል፤ በሁለቱም መንገድ ይጠቅመዋል። እንዲህ ያለ ሁለት ስለት ያለው ገንዘብ በዓለም ላይ ስንት ቦታ ኖሯል?

ባንክ የመጣው ዘግይቶ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሲመረቅ ተቆጣጣሪው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ፣ ሥራ አስኪያጁ ማክጊሊቭሬይ የሚባል ሰው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የወረቀት ብር አወጣ። ቆላ ያለው ሰው ወረቀት እንዴት ይመን? ጨው ይረጥባል፣ ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በአዋጅ አዲሱ የወረቀት ብር ሲመጣ ጠገራው ከሕጋዊ ገንዘብነት ወረደ። የአሮጊቷ አባት ያኔ የተወሰነውን አስለውጠው የቀረውን ቀበሩት። የት እንደቀበሩት ሳይናገሩ ሞቱ። «ይሄ አንዱ እናቴ አንገት ላይ ስለነበረ ነው የተረፈው» አሉኝ፤ ተቀብለውኝ ወደ ደረታቸው መለሱት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲሱን ገንዘብ መንግሥት በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር የሚለው። በአማርኛ ግን ማንም ዶላር ብሎት አያውቅም፤ ብር ነበር፣ ወረቀት ሆኖም ብር። እንግሊዝኛው ወደ «ብር» የመጣው በ1969 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አላንዛዛውም። አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረበት ረጅም ዘመን በ1985 አበቃ፣ 5 ብር ሆነ። በ2013 መስከረም ላይ የወረቀት ብሮቹ ተቀየሩ፣ ባለ 200ው መጣ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ከወራት በኋላም ብሔራዊ ባንክ ባንክ ላልሆኑ አምስት የግል መንዛሪ ቤቶች ፈቃድ ሰጠ። ይህን ዜና ስሰማ አል-ዑመሪ ስሙን ያልጻፈው ሰው ትዝ አለኝ። ፈቃድ ለማግኘት ሰባት መቶ ዓመት ያህል ጠበቀ!

ከኛ ድንበር ማዶ ሐርጌሳ ላይ ለዋጮች በየመንገዱ ሽልንግ እንደ ጡብ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ ዘብ የለ፣ ብረት ፍርግርግ የለ። ለጸሎት ሲሄዱ ጥለውት ይሄዳሉ ይባላል። አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ላይ ደግሞ ሳንቲም ዘርዛሪዎች አሉ፤ ለረዳቶች ሽራፊ ቆጥረው ይሰጣሉ፣ ከአሥሩ ጥቂቱን ለራሳቸው ያስቀራሉ። የአልዩ አምባ ሙያ ነው። የኛ ረዳት ላምበረት ላይ አንዱን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ እኔና አሮጊቷ አንጋባም ነበር። አንድ የግል ባንክ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በስልክ የሚሠራ የገንዘብ ቦርሳ ሲያወጣ ስሙን «አሞሌ» አለው። አሮጊቷ ይህን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉ።

«ይላሳል?»

«አይላስም እማማ።»

«ታዲያ ምኑ ነው አሞሌ!»

ሸዋ ሮቢት ስንገባ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ሙቀቱ በር ከፍቶ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር። ዋናው መንገድ ዳርና ዳር ማንጎ፣ ሽንኩርት፣ የጆንያ ክምር። ከመናኸሪያው አጠገብ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ ወጣቶች ማሾ ያበጥራሉ፤ አረንጓዴ ነው፣ ጥቃቅን። ይህ የቀወት ገበሬ አዲሱ ሀብት ነው፤ ወደ እስያ ስለሚላክ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በርጩማ ላይ የተቀመጠው ነጋዴ በአንድ እጁ ማሾ ዘግኖ እያገላበጠ ያያል፣ በሌላው ስልኩን። የተሰበረ ፍሬ ሲያገኝ በጥፍሩ ለይቶ ይጥላል። ቆሜ አየሁት። ከአሮጊቷ አያት ምላስ ጋር ዝምድና ያለው ጥፍር ነው።

አንድ ሱቅ ፊት ቆመን መቶዋን አወጣሁ። ውሃ 30 ብር ነው አለ ባለሱቁ። የሚመለሰው 70። መሳቢያውን ጎትቶ ቆፈረ፤ አንድ ሃምሳ፣ አንድ አሥር። «አሥር ይቀራል፣ ዝርዝር የለም» አለና ከጠርሙሱ ውስጥ አራት ማስቲካ ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አሮጊቷ ሃምሳዋን ወሰዱ፤ መቀነታቸውን ፈትተው፣ የቋጠሯቸውን ብሮች አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ የተጣጠፈች አሥር ብር አውጥተው ሰጡኝ። ሂሳባችን ተዘጋ። የእኔ 60 በውሃ፣ በሁለት አሥር ብርና በማስቲካ ተከፈለ።

ማስቲካውን ሰብስቤ ልሄድ ስል አሮጊቷ እጄን ያዙ። አራቱንም በመዳፋቸው ላይ ደርድረው አገላብጠው አዩአቸው። የአንዱ ወረቀት ጫፉ ላይ ተቀዶ ነበር።

«ይቺ ተሸርፋለች» ብለው ለባለሱቁ መለሱለት፤ «ለልጁ ሙሉውን ስጠው።»

ባለሱቁ ሳይከራከር ለወጣት።